ምዕራፍ ሰባት፦ ለዊንዶውስ የተጻፈ፣ በሊኑክስ የሚጫወት

በፌብሩዋሪ 25 ቀን 2022 ኤልደን ሪንግ የተባለው ጌም ለገበያ ቀረበ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሠራው የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ነው፤ የሠራውም ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለዊንዶውስ ኮምፒውተር እንጂ ለሊኑክስ አልነበረም። በዊንዶውስ የሚጫወቱት ግን ወዲያው ያማርሩ ጀመር፤ ውድ ግራፊክስ ካርድ በገጠመ ማሽን ላይ እንኳ ጌሙ በየመሀሉ ስታክ ያደርግ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስቲም ዴክ የተሰኘውን በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር ለገበያ አወጣ። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ ነው። የቫልቭ መሐንዲሶች ኤልደን ሪንግን ሲመረምሩ አንድ ነገር አገኙ፦ ጌሙ አንዳንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ለግራፊክስ ካርዱ የሚላኩ ትእዛዞችን የሚይዙ ቋቶችን በሺዎች እየፈጠረ የሜሞሪ አስተዳደሩን ያጨናንቃል። የጌሙን ኮድ አልነኩትም። ያስተካከሉት በጌሙና በሊኑክስ መካከል የቆመውን የራሳቸውን ሶፍትዌር ነው። ከዚያ በኋላ ያ ለዊንዶውስ የተጻፈ ጌም በትንሿ የሊኑክስ ማሽን ላይ መቆራረጡ በግልጽ ቀነሰ፤ በዊንዶውስ ያሉት ግን ገና እያማረሩ ነበር።

ከዐሥር ዓመት በፊት ይህን ቢነግሩት የሚያምን የሊኑክስ ተጠቃሚ አይገኝም ነበር። ሊኑክስ በሰርቨርና በሳይንስ ቤት ሲነግሥ በጌም ዓለም ግን መሳቂያ ሆኖ ኖሯል። ቦታ ያገኘው ጌም ሠሪዎችን በማሳመን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ለማሳመን ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሁለቱም ጊዜ ከሽፏል። የተሳካው ፈቃዳቸውን የማይጠይቀው መንገድ ነው። ዛሬም የተዘጋ በር የቀረው ፈቃዳቸው የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ መሆኑን ወደ ምዕራፉ መጨረሻ እናያለን።

ጌሙ ምን ይጠይቃል?

አንድ ጌም የሚሠራው ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ስሌት ነው፦ ኳሷ በምን ፍጥነት ነጠረች፣ ጠላት በየት በኩል ይምጣ፣ ጥይቱ ማንን መታ። ይህ በቀጥታ ወደ ፕሮሰሰሩ ይሄዳል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ በላዩ ላይ ዊንዶውስ ይጫን ሊኑክስ ግድ የለውም፤ የሚፈጽማቸው መመሪያዎች ያው ናቸው።

ሁለተኛው ጌሙ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለው ነው። ፋይል መክፈት፣ ሜሞሪ ማግኘት፣ ድምፅ ማሰማት፣ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ማወቅ፣ ስክሪን ላይ መሳል፤ ይህን ሁሉ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ይጠይቃል። አጠያየቁ በየቤቱ ይለያያል። በዊንዶውስ ፋይል የሚከፍተው ጥሪ ሌላ፣ በሊኑክስ የሚከፍተው ሌላ ነው። ዊንዶውስ ዲስኮቹን ሲ፣ ዲ እያለ በፊደል ይጠራል፤ በፋይል ስም ውስጥም ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል አይለይም። ሊኑክስ የዲስክ ፊደል የለውም፤ ትልቅና ትንሽ ፊደል ደግሞ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ስለዚህ የዊንዶውስ ጌም በሊኑክስ ላይ ቢከፈት ስሌቱ አይቸግረውም፤ የሚጠራው ሁሉ መልስ የሚሰጥ ያጣል እንጂ።

ዋይን የተባለው ሶፍትዌር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እናስብ። ባለጉዳዩ ጉዳዩን በራሱ አነጋገር ይነግረዋል፤ ጸሐፊው ቢሮው በሚቀበለው ወግ ጽፎ ይሰጠዋል። ባለጉዳዩ የቢሮውን ደንብ መማር አላስፈለገውም፤ ቢሮውም ለእሱ ሲል ደንቡን አልለወጠም። ዋይን በጌሙና በሊኑክስ መካከል ተቀምጦ የዊንዶውስን ጥሪ ይቀበላል፣ በሊኑክስ ጥሪ ያስፈጽመዋል፣ መልሱን እንደገና በዊንዶውስ ወግ ለጌሙ ይመልሳል።

ይህ አሠራር ከኢሙሌተር ይለያል። የድሮ ኮንሶል ጌም በኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ኢሙሌተር የሌላ ማሽንን ፕሮሰሰር መመሪያ በመመሪያ እያስመሰለ ስለሚሄድ ብዙ ጉልበት ይበላል። ዋይን ስሌቱን እንዳለ ለፕሮሰሰሩ ይለቀዋል፤ ጣልቃ የሚገባው በጥሪዎቹ ላይ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ከዊንዶውስ ጋር ሊቀራረብ የቻለውም በዚህ ነው።

አሥራ አምስት ዓመት የፈጀ አንደኛ ስሪት

ዋይን በ1993 ተጀመረ። የጀመሩት ቦብ አምስታድና ኤሪክ ያንግዴል ሲሆኑ፣ በቀጣዩ ዓመት ሥራውን የተረከበው አሌክሳንድር ጁሊያር ከዚያ ወዲህ እየመራው ነው። ስሪት 1.0 የወጣው በጁን 2008 ነው። አሥራ አምስት ዓመት!

የዘገየው ስለሚኮርጁት ነገር በጽሑፍ የተሰጠው መግለጫና በተግባር ያለው ነገር ስለማይገጣጠሙ ነው። ማይክሮሶፍት እያንዳንዱ ጥሪ ምን እንደሚሠራ በሰነድ ጽፏል። ፕሮግራመሮች ግን ሰነዱን አይተው ብቻ አይጽፉም፤ ሞክረው የሠራላቸውን ይይዛሉ። በዊንዶውስ ውስጥ ስሕተት ካለና አንድ ጌም በዚያ ስሕተት ላይ ከተደገፈ፣ ዋይንም ያንኑ ስሕተት በልኩ መድገም አለበት። አሳምሮ ካረመው ጌሙ ይወድቃል። በዚያ ላይ የማይክሮሶፍትን ኮድ ማየት ክልክል ነው፤ ያየ ሰው ለዋይን ኮድ ማበርከት አይችልም። ስለዚህ አበርካቾቹ ትናንሽ የሙከራ ፕሮግራሞችን ጽፈው በእውነተኛ ዊንዶውስ ላይ ያስነሳሉ፣ ምን እንደመለሰ ይመዘግባሉ፣ ዋይን ተመሳሳዩን እስኪመልስ ድረስ ይሠራሉ። ይህ በሺዎች ለሚቆጠሩ ጥሪዎች ሲደገም ዓመታቱ የት እንደሄዱ ይገባል።

የገንዘብ ጥያቄም ነበረ። ትራንስጌሚንግ የተባለ የካናዳ ኩባንያ የዋይንን ኮድ ወስዶ የጌም ግራፊክስ ጨመረበትና በወርሃዊ ክፍያ ይሸጠው ጀመር። የዋይን የአጠቃቀም ፈቃድ በወቅቱ ልቅ ስለነበር ኩባንያው የጨመረውን ሁሉ ለመመለስ አይገደድም ነበር። በ2002 የዋይን ማኅበረሰብ ፈቃዱን ቀየረ፤ ከዚያ በኋላ ዋይንን አሻሽሎ የሚያከፋፍል ሁሉ ማሻሻያውን ክፍት ማድረግ ግዴታው ሆነ። ጁሊያር የሚሠራበት ኮድዊቨርስ የተባለው ኩባንያ ክሮስኦቨር የሚባል ምርት እየሸጠ ሥራውን በገንዘብ ደገፈ። የዚያ ፈቃድ ፍሬ ዘግይቶ የሚታይ ይሆናል፦ ኋላ ቫልቭ ገንዘብ ሲያፈስ ሥራው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቀረ።

በዚሁ ዘመን ሌላው መንገድም ተሞክሯል። በ1998 የተቋቋመው ሎኪ ሶፍትዌር ጌም ሠሪዎችን እያስፈቀደ ሥራቸውን ለሊኑክስ እንደገና ያዘጋጅ ነበር፤ ክዌክ 3 አሬናን የመሰሉ ስመ ጥር ጌሞች በእሱ በኩል አልፈዋል። ገዢው ግን አልበቃም፤ ኩባንያው በጃንዋሪ 2002 ተዘጋ። ከእሱ የተረፈው ሳም ላንቲንጋ የጻፈው ኤስዲኤል የተባለ የፕሮግራም ስብስብ ነው፤ ዛሬም እጅግ ብዙ ጌሞች ይጠቀሙበታል።

ዊንዶውስን ያሳደገው ሰው

የቫልቩ ጌብ ኒዌል ማይክሮሶፍት ውስጥ 13 ዓመት ሠርቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጌም ሰው ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ መላቀቅ አልፈልግም ባለበት ጊዜ፣ ዝነኛውን ጌም ዱምን ወደ ዊንዶውስ 95 ያሸጋገረውን ቡድን የመራው እሱ ነበር። ዊንዶውስ የጌም ቤት እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው ማለት ነው። በ1996 ቫልቭን መሠረተ፤ በ2003 የወጣው ስቲም ቀስ በቀስ የኮምፒውተር ጌም ዋና መሸጫ ሆነ።

በ2012 ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 8ን ከራሱ የሶፍትዌር መደብር ጋር ይዞ ሊመጣ ሲል ኒዌል አደጋው ታየው። የቤቱ ባለቤት በቤቱ ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ተከራዩን ነጋዴ ሊያስወጣው ይችላል። በዚያው ዓመት ጁላይ ሲያትል ላይ ዊንዶውስ 8 በኮምፒውተሩ ዘርፍ ላለ ሁሉ ጥፋት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በፌብሩዋሪ 2013 ስቲም ለሊኑክስ ወጣ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ ኤሊየንዌርን የመሰሉ አምራቾች ስቲም ማሽን የተባሉ የሊኑክስ ኮምፒውተሮችን ለሳሎን አቀረቡ።

አልተሸጡም። ጌም ሠሪው «ተጠቃሚ ሳይኖር ለምን ልድከም?» ይላል፤ ተጠቃሚው «ጌም ሳይኖር ለምን ልግዛ?» ይላል። ለሊኑክስ ከተዘጋጁት ጌሞችም ብዙዎቹ ከዊንዶውስ ስሪታቸው የዘገዩ ነበሩ። የሎኪ ታሪክ በትልቅ ገንዘብ ተደገመ።

ከዚህ ኪሳራ በኋላ ቫልቭ ጥያቄውን ገለበጠው። ጌም ሠሪው ምንም ባያደርግስ?

አንድ ሰው፣ አንድ ጌም

ከዋይን ሥራ ሁሉ ከባዱ ስዕሉ ነው። የዊንዶውስ ጌሞች ከግራፊክስ ካርድ ጋር የሚነጋገሩት ዳይሬክትስሪዲ በተባለ የማይክሮሶፍት ሥርዓት ነው። ዋይን ይህን የሚቀይረው ኦፐንጂኤል ወደተባለው የቆየ ሥርዓት ነበር። ሁለቱ በአስተሳሰባቸው ስለሚራራቁ ቅየራው ዘገምተኛ ነው፤ አዳዲስ ጌሞች ላይ ደግሞ ጭራሹን አይሠራም።

በፌብሩዋሪ 2016 ክሮኖስ የተባለው የኢንዱስትሪ ማኅበር ቩልካንን አወጣ። ቩልካን ለፕሮግራመሩ ግራፊክስ ካርዱን ያለ ብዙ አማላጅ ይሰጠዋል። ለጀማሪ አድካሚ ነው፤ ሌላ ሥርዓት በላዩ ላይ ለሚገነባ ሰው ግን የተመቸ መሠረት ነው። ፊሊፕ ሬቦሌ የተባለ ፕሮግራመር ኒየር ኦቶማታ የተሰኘውን ጌም በሊኑክስ መጫወት ፈልጎ ዳይሬክትስሪዲ 11ን ወደ ቩልካን የሚቀይር ሶፍትዌር መጻፍ ጀመረ። ስሙ ዲኤክስቪኬ ነው። ቫልቭ ሥራውን አይቶ ቀጠረው።

በኦገስት 2018 ቫልቭ ፕሮቶንን ይፋ አደረገ። ፕሮቶን ማለት ዋይን፣ ዲኤክስቪኬና ከኮድዊቨርስ ጋር የተሠሩ ብዙ ማስተካከያዎች ተጠቃለው በስቲም ውስጥ የተሸጎጡበት ነው። በመጀመሪያው ቀን በይፋ የተፈቀዱት 27 ጌሞች ብቻ ነበሩ፤ ሌላውን ግን ደፋር ተጠቃሚ በራሱ ኃላፊነት መሞከር ይችላል። ልዩነቱ ለተጠቃሚው ነው። ቀድሞ ዋይንን ማዋቀር ራሱ የቻለ ሙያ ነበር፤ አሁን ጌሙን ጭኖ «ተጫወት» የሚለውን መንካት ይበቃል። ዳይሬክትስሪዲ 12ን የሚቀይረው ተጓዳኝ ሶፍትዌርም ተከተለ።

ከርነሉ ራሱ ተለወጠ

ነገሩ በጌሞች ደጃፍ አልቆመም፤ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ራሱ በዊንዶውስ ጌም ምክንያት ተለወጠ። አንድ ዘመናዊ ጌም ሥራውን ክር በሚባሉ ጎን ለጎን በሚሄዱ ብዙ መስመሮች ከፋፍሎ ያስኬዳል፤ አንዱ ክር ሌላውን ይጠብቃል። ዊንዶውስ «ከእነዚህ ከብዙዎቹ አንዱ ሲጠናቀቅ ቀስቅሰኝ» የሚል ጥሪ አለው፤ ሊኑክስ ለዚህ የሚስማማ ፈጣን አቻ አልነበረውም። ዋይን ይህን በራሱ አገልጋይ ፕሮግራም በኩል ሲያስመስል ፍጥነት ይጠፋ ነበር። በሊኑክስ ከርነል 5.16 ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚያስጠብቅ ጥሪ ተጨመረ። በ2025 የወጣው ከርነል 6.14 ደግሞ የዊንዶውስን አሠራር በልኩ የሚከተል ኤንቲሲንክ የተባለ ድራይቨር ይዞ መጣ። የጻፈችው የኮድዊቨርስ መሐንዲስ ኤልዛቤት ፊጉራ ናት።

የሕግ እንቅፋትም አለ። በጌም መሀል የሚታዩ ቪዲዮዎች ብዙ ጊዜ በፓተንት በተያዘ ዘዴ የታመቁ ናቸው፤ ፕሮቶን እነሱን መፍቻ እንደልቡ ማከፋፈል አይችልም። በዚህ የተነሳ ተጫዋቹ በቪዲዮው ምትክ የድሮ ቴሌቪዥን የቀለም መስመሮችን የሚያይበት ጊዜ ነበር፤ አሁንም አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ቫልቭ ያገኘው መላ ቪዲዮዎቹን በራሱ ሰርቨር ላይ ወደ ክፍት ዘዴ ቀይሮ ከጌሙ ጎን ማውረድ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ፦ ግራፊክስ ካርዱ ላይ የሚሠሩት ሼደር የተባሉ ትናንሽ ፕሮግራሞች በጨዋታው መሀል ሲዘጋጁ ጌሙ ስታክ ያደርጋል። የስቲም ዴክ ሃርድዌር በሁሉም ሰው እጅ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ቫልቭ ሼደሮቹን ቀድሞ አዘጋጅቶ ያወርዳል። ስቲም ዴክ በ399 ዶላር መነሻ ዋጋ ሲወጣ ገዢው ሊኑክስ መግዛቱን ማወቅ እንኳ አላስፈለገውም። በስቲም ወርሃዊ ጥናት ላይ ለዓመታት 1 በመቶ አካባቢ ሲንፏቀቅ የነበረው የሊኑክስ ድርሻ በኦክቶበር 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ 3 በመቶን አለፈ። ቁጥሩ አሁንም ትንሽ ነው፤ የሚጫወቱት ጌም ብዛት ግን ከቁጥሩ ጋር አይመጣጠንም፤ ሦስት በመቶ ለሚሆን ሕዝብ ማንም ጌም ሠሪ ይህን ያህል አያዘጋጅም ነበር።

የተዘጋው በር

እንግዲህ የማይሠራው የቱ ነው? ብቻን የሚጫወቱት አብዛኛው ይሠራል። ችግሩ ያለው በኢንተርኔት ከሰው ጋር በሚደረግ ፉክክር ላይ ነው።

እነዚህ ጌሞች አጭበርባሪ የሚይዝ ሶፍትዌር አላቸው። ሥራው ከተጫዋቹ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ፕሮግራም ጌሙን እየነካካ እንዳይሆን መጠበቅ ነው። አንዳንዱ ይህን ለማድረግ በዊንዶውስ ከርነል ውስጥ ይቀመጣል። ዋይን ግን ከርነል አይደለም፤ ከላይ ተቀምጦ ጥሪ የሚቀይር ነው። ከርነል ውስጥ ልግባ የሚል ሶፍትዌር በሊኑክስ ላይ የዊንዶውስን ከርነል አያገኝም። በዚያ ላይ ሊኑክስ ተጠቃሚው ከርነሉን እንዳሻው እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ ጠባቂው ደግሞ የሚፈራው ይህንኑ ነው። የሊኑክስ ሰው ነጻነት ብሎ የሚኮራበትን ጠባቂው ቀዳዳ ብሎ ይጠራዋል።

በ2021 ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ የተባሉት ሁለቱ ዋና ጠባቂዎች ከፕሮቶን ጋር የሚሠራ አማራጭ ሰጡ። አማራጩን የሚያበራው ግን እያንዳንዱ ጌም ሠሪ ነው። አንዳንዱ አበራው፤ ሌላው እምቢ አለ። ኢዚ አንቲቺት ኤፒክ የተባለው ኩባንያ ንብረት ነው፤ የኤፒክ የራሱ ጌም ፎርትናይት ግን በሊኑክስ ዝግ ነው። ራዮት የተባለው ኩባንያ ጌሞች የሆኑት ቫሎራንትና ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ቫንጋርድ የተባለውን የከርነል ጠባቂ ስለሚፈልጉ አይሠሩም፤ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ እስከ 2024 ድረስ በዋይን ይሠራ ነበር። ኤፔክስ ሌጀንድስ ዓመታት ከሠራ በኋላ በ2024 መጨረሻ ሊኑክስ የአጭበርባሪዎች መንገድ ሆኗል በሚል ምክንያት በሩን ዘጋ። እዚህ ምንም ዓይነት የተራቀቀ ኮድ አይረዳም። ጠያቂው ጌሙ ሳይሆን የጌሙ ባለቤት ነው፤ የሚጠይቀውም እምነት ነው።

ዋጋው

ተቺዎች ሌላ ነገር ያነሳሉ። ማንም ለሊኑክስ የማይጽፍ ከሆነ፣ ሊኑክስ ለዘላለም የማይክሮሶፍትን ኮቴ መከተሉ አይደለም? ነው። ማይክሮሶፍት ነገ አዲስ የግራፊክስ ሥርዓት ቢያወጣ ቀያሪዎቹ ከኋላ ይሮጣሉ።

ሆኖም አንድ የማይጠበቅ ትርፍ አለ። ለሊኑክስ በቀጥታ የተዘጋጁ የድሮ ጌሞች ዛሬ ብዙ ጊዜ አይነሡም፤ የተደገፉባቸው የሊኑክስ ላይብረሪዎች ተለውጠዋል፣ አዘጋጆቹም ጥለዋቸው ሄደዋል። የዚያው ጌም የዊንዶውስ ስሪት በፕሮቶን ይነሣል። የዊንዶውስ ጥሪዎች ለሠላሳ ዓመት ቅርጻቸውን ጠብቀው ስለኖሩ፣ በሊኑክስ ላይ ከራሱ ከሊኑክስ ይልቅ የሚታመን የጌም ውል ሆነው አረፉት። አፕልም ይህን አይቶ በ2023 ጌም ሠሪዎች ሥራቸውን በማክ እንዲሞክሩ ያወጣው መሣሪያ የተገነባው በክሮስኦቨር የዋይን ኮድ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት በተቃራኒው በ2016 የሊኑክስን ጥሪዎች በዊንዶውስ ላይ ሊቀይር ሞክሮ ነበር፤ በሁለተኛው ስሪት ግን ቅየራውን ትቶ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል አስገባ።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ያገለገለ ላፕቶፕ ያለው አንባቢ ይህን ነገር ለራሱ ሊያስብበት ይችላል። ሦስት ነገር ያጣራ። አንደኛ፣ የሚወዳቸውን ጌሞች ስም በፕሮቶንዲቢ ላይ ይፈልግ፤ ተጫዋቾች የሞከሩትን እዚያ በደረጃ ያስቀምጣሉ። ሁለተኛ፣ አዲሱ ዲኤክስቪኬ ቩልካን 1.3 የሚችል ግራፊክስ ይፈልጋል፤ ኢንቴል ብቻ ባለው ላፕቶፕ ይህ በጥቅሉ ከስድስተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ወዲህ ያለ ማለት ነው። ከዚያ የቆየ ማሽን በድሮው የዲኤክስቪኬ ስሪት ወይም በኦፐንጂኤል ቀለል ያሉ ጌሞችን ያስነሳል። ሦስተኛ፣ ጌሞቹን በዊንዶውስ ዲስክ ላይ ትቶ በሊኑክስ ለማስነሳት አይሞክር፤ የዊንዶውስ ፋይል ሥርዓት ፕሮቶን ከሚፈጥራቸው አንዳንድ የፋይል ስሞች ጋር አይስማማም።

ዋናው ጥያቄ ግን ስለ ማሽኑ አይደለም። ምሽት ላይ ብቻውን ታሪክ ያለው ጌም ለሚጫወት ሰው ጉዳዩ በአብዛኛው አልቋል። ከጓደኞቹ ጋር ፎርትናይት ለሚጫወት ሰው ገና አልተጀመረም፤ መልሱም ከፕሮግራመሮች ችሎታ አይመጣም። የጌም ባለቤቶች ከተጫዋቹ ከርነል ውስጥ ካልገቡ አናምንም ማለታቸውን እስኪተዉ፣ ወይም የሊኑክስ ተጫዋች በዝቶ መዝጋቱ ገንዘብ የሚያሳጣቸው እስኪሆን ድረስ ይጠብቃል። ሦስት በመቶ ለዚያ አይበቃም።